ተሳቢው የት ሄደ?

«ጤና ይስጥልኝ የምክር ዓምድ አዘጋጅ። የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከጂዳ ያመጣውን የ‹ትራንስፎርመርስ› ካርቱን ካሴት (ሮቦቶች መኪናና ጄት የሚሆኑበትን) ዴኩ እስኪግል ድረስ ነበር የምናየው። አሻንጉሊቶቹን አግኝተን አናውቅም፤ ከሽቦና ከቆርኪ ራሳችን እንሠራ ነበር። ሰሞኑን የመጀመሪያውን ክፍል ኢንተርኔት ላይ አገኘሁትና ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ላየው ቁጭ አልኩ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ነው፣ እሷ ትስቃለች። ‹አባዬ፣ ተሳቢው የት ሄደ?› ‹አባዬ፣ ይሄኛው ሽጉጥ ሲሆን ለምን አነሰ?› በየደቂቃው ታስቆመዋለች። ሙድ ስትይዝብኝ ተናድጄ ቲቪውን አጠፋሁት።

በዚህ አላበቃም። ደብተር አውጥታ ‹የአባዬ ፊልም ስህተቶች› የሚል ርዕስ ሰጥታ መጻፍ ጀመረች። 23 ደርሳለች። ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ አማቶቼ በተቀመጡበት፣ ቆማ አነበበችው። ባለቤቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኛ ልጆች ሆነን እንዲህ አንጠይቅም ነበር። ታላቅ ወንድሜ (አሁን ዳላስ ከባድ መኪና ይነዳል) እየተረጎመልን፣ ተሳቢው ቃሊቲ እንደሚቆም እየነገረን፣ አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው። የደጎቹ ሮቦቶች አለቃ ኦፕቲመስ ፕራይም ካርቱኑ ውስጥ ያለውን ልጅ ‹አባትህን አደራ› ሲለው ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል። ልጄ እየናቀችኝ ይሆን? ልቆጣ ወይስ ዝም ልበል?

ልቡ የተነካ አባት»

ወንድሜ፣

በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ እያልኩ ልቀጥል፤ ቅር አይበልህ። ዳኛ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ስለዚህ ካርቱኑን አየሁት። መጀመሪያ እንዲሁ አየሁት። ሁለተኛ ብዕርና ወረቀት ይዤ አየሁት። ሦስተኛውን እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ስላለኝ ነው ያየሁት። ባለቤቴ በበር ብቅ እያለ «ሥራ ነው?» ይለኛል። «ሥራ ነው» እለዋለሁ።

ፍርዴን ላስቀድም። ልጅህ ልክ ናት። እንዲያውም 23 ላይ መቆሟ ገርሞኛል። ወይ አዝናልሃለች፣ ወይ ቲቪውን ቶሎ አጥፍተህባታል።

እስቲ ከመነሻው እንየው። ሳይበርትሮን የሚባል ፕላኔት አለ። ነዋሪው በሙሉ ሮቦት ነው። ደጎቹ አውቶቦቶች ይባላሉ፣ ክፉዎቹ ዲሴፕቲኮኖች። ዲሴፕቲኮን የሚለው ስም «ማታለል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። ራሱን «እኛ አታላዮች ነን» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሠራዊት አስበው። ማን ነው ከእነሱ ጋር ተደራድሮ የሚፈራረመው? ለማንኛውም ፕላኔቱ ላይ ኃይል አልቋል፤ ጦርነቱም በዚያ ምክንያት ብሷል። አውቶቦቶቹ ኃይል ፍለጋ ፕላኔቱን ለቅቀው ሊሄዱ ይመክራሉ። ነዳጅ ፍለጋ ከጎፋ እስከ ሰሚት የዞረ ሰው እዚህ ቦታ ላይ አይስቅም፤ እኔም አልሳቅኩም።

የሳቅኩት ቀጥሎ ነው። ሳውንድዌቭ የሚባል የዲሴፕቲኮን ሰላይ አለ። የአውቶቦቶቹን ምስጢር ሊሰማ ይመጣል። ምን መስሎ? የመንገድ መብራት ምሰሶ። ተገትሮ ዕቅዱን ሁሉ ይሰማና ለአለቃው ያደርሳል። ከአውቶቦቶቹ መካከል «ይሄ ምሰሶ ትናንት ነበር እንዴ?» የሚል አንድ እንኳ የለም። እኛ ሰፈር አዲስ ምሰሶ ቢቆም በአንድ ሰዓት ውስጥ ማን አቆመው፣ መብራት ሊገባልን ነው ወይ፣ ለምን የእገሌ በር ላይ ሆነ ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ሳይበርትሮን አልደረሰም።

ከዚያ አውቶቦቶቹ በመንኮራኩር ይነሳሉ፣ ዲሴፕቲኮኖቹ ይከተሏቸዋል፣ ውስጥ ገብተው ይደባደባሉ፣ ተያይዘው መሬት ላይ ይከሰከሳሉ። የወደቁት እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው። እዚያም 4 ሚሊዮን ዓመት ይተኛሉ።

ይህቺን ቁጥር 24 አድርጋ ትጻፍልኝ። ቅሪተ አካሏ እዚሁ አገራችን የተገኘው አርዲ የኖረችው ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ድንቅነሽ ደግሞ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት። ስለዚህ መንኮራኩሩ የወደቀው በሁለቱ መካከል ነው። ድንቅነሽ ገና ስላልተወለደች አልሰማችም። በኋላ ተወለደች፣ ኖረች፣ ሞተች፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ተገኝታ ወጣች። ሮቦቶቹ ያኔም ተኝተዋል። የሚነቁት በ1984 ነው። ድንቅነሽ በ10 ዓመት ቀደመቻቸው።

ሲነቁስ? እኔ የከሰዓት እንቅልፍ ከወሰደኝ ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን ለማወቅ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። የዲሴፕቲኮኖቹ አለቃ ሜጋትሮን 4 ሚሊዮን ዓመት ተኝቶ ተነሳና በቀጥታ ወደ ሥራው ገባ። የት ነን የለ፣ ስንት ዓመት ሆነ የለ። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ያስነሳቸው የአውቶቦቶቹ መንኮራኩር ኮምፒውተር ነው፤ ቴሌትራን ይባላል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ኮምፒውተሩ ይነቃና አካባቢውን የምትቃኝ መሣሪያ ይልካል፤ ባየችው መሠረት የተጎዱትን ሮቦቶች መልክ እየሰጠ ይጠግናል። አሁን ልብ በል። ኮምፒውተሩ የአውቶቦቶቹ ነው። መጀመሪያ የጠገነው ግን ዲሴፕቲኮን ነው! ስካይዋርፕ የሚባለውን። የገዛ ጌቶቹ አጠገቡ ወድቀው እንግዳውን አስቀደመ። እንግዳ ተቀባይነት ከሆነ ከእኛም በልጧል።

መልክ አሰጣጡም ሌላ ጉድ ነው። ለስታርስክሪምና ለጓደኞቹ ኤፍ-15 ጄት ሰጣቸው። ለኦፕቲመስ ፕራይም ከባድ መኪና ከነተሳቢው። የዚያ ሁሉ ክፉ ጦር አዛዥ ለሆነው ለሜጋትሮን ሽጉጥ ደረሰው። ጄት፣ መርከብ፣ ታንክ ባለበት ዓለም ሽጉጥ! ሽጉጥ ደግሞ ራሱን አይተኩስም፤ የሚይዘው ይፈልጋል። በተከታታዩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ማን እንደሚይዘው ታውቃለህ። ስታርስክሪም ነው፣ ቀን ከሌት የአለቃውን ወንበር የሚመኘው ምክትል። ወንበርህን የሚፈልግ ሰው መዳፍ ላይ ሽጉጥ ሆነህ መተኛት! እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ የዋህ አለቃ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

ስታርስክሪምን ካነሳን አይቀር፣ ይህን ትዕይንት ልጅህ ጽፋው እንደሆነ ጠይቃት። ካልጻፈችው ከ23ቱ አሥሩን ሰርዛ ይህን ታስገባ። ዲሴፕቲኮኖቹ ድነዋል። አውቶቦቶቹ እንደወደቁ ናቸው፤ አንዳቸውም አልነቃም። አሸንፈዋል ማለት ነው። የቀራቸው በሩን ዘግቶ መሄድ ብቻ ነበር፤ ካርቱኑም እዚያው ያልቅ ነበር። ስታርስክሪም ግን ከወጣ በኋላ አላስችል ይለዋል። ዞር ብሎ ወደ ተራራው ይተኩሳል፤ እንደ ተቀበሩ እንዲቀሩ ብሎ ነው። ተራራው ይንቀጠቀጣል። ውስጥ የወደቀው ኦፕቲመስ ፕራይም ይናወጥና ተንሸራቶ የት ይደርሳል? የኮምፒውተሩ የጥገና ጨረር ሥር! ተጠገነ። ተነሳ። ጓደኞቹም ተነሱ። የተከታታዩ 98 ክፍል በሙሉ የመጣው ከዚህች አንድ ተኩስ ነው። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው። እኔ ሁለተኛውን ዙር ሳይ እዚህ ጋ አቁሜ ባለቤቴን ጠራሁት። እሱም አየና «ይሄ ልጅ ሹመት አይገባውም» ብሎ ሄደ።

ሌሎቹን በአጭሩ ላሳልፋቸው። ክሊፍጃምፐር የሚባል ትንሽ ቀይ አውቶቦት ከሀውንድ ጋር ለስለላ ይላካል። ሜጋትሮንን ከርቀት ሲያይ ስለላውን ትቶ ቁመቱን የሚያክል ጠመንጃ ደግኖ ይተኩሳል፣ ይስታል፣ መዘዙ ሀውንድን ገደል ይከተዋል። ጠመንጃውን ከየት አመጣው? የመጣው እኮ መኪና ሆኖ ነው። ስለ ኢላማቸው ባጠቃላይ አላወራም። ከሁለቱም ወገን አንድ ደህና ተኳሽ ቢኖር ጦርነቱ ሳይበርትሮን ላይ ያልቅ ነበር።

ደግሞ የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫው አለ። ዲሴፕቲኮኖቹ ሊዘርፉት ይመጣሉ፣ አባትና ልጅ እዚያ ሲሠሩ ያገኟቸዋል። ልጁ ገና ጎረምሳ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም። አባትየው ስፓርክፕለግ ይባላል። በእኛ ጋራዥ ቋንቋ ካንዴላ ማለት ነው። ልጁ ስፓይክ ነው፤ እሱም ምስማር በለው። አቶ ካንዴላ እና ልጃቸው ምስማር። ይህን ለአማቶችህ ንገራቸው፤ የእሁዱን ውርደት ያካክስልሃል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። ተሳቢው የት ሄደ?

ሄደ አይባልም። ኦፕቲመስ ፕራይም ከባድ መኪና ሆኖ ተሳቢውን እየጎተተ ይመጣል። ሮቦት ልሁን ሲል የፊተኛው መኪና ብድግ ብሎ እጅና እግር ያወጣል፣ ተሳቢው ደግሞ ወደ ጎን ተንከባሎ ከስክሪኑ ይወጣል። ከዚያ የለም። መልሶ መኪና ሲሆን ተሳቢው ማንም ሳይጠራው ከኋላ ተንከባሎ ይመጣና ይቀጠላል። ረዳት የለው፣ ታኮ የሚያደርግለት የለው። የእኛ ሾፌር ተሳቢውን መንገድ ዳር ፈትቶ ሊዋጋ ቢሄድ ሲመለስ ጎማዎቹን አያገኛቸውም።

ለዚህ ነገር እውነተኛ መልስ አለው፤ ለልጅህ የምትነግራት ይህንኑ ነው። ጃፓን ውስጥ ታካራ የሚባል የአሻንጉሊት ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ዳያክሎን የሚል ዓይነት ያወጣ ነበር። ከውስጡ ወደ ሮቦት የሚለወጡ መኪኖች ነበሩበት፤ ከእውነተኛው መኪና 60 ጊዜ ገደማ ያነሱ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ሾፌር የምትቀመጥባቸው። የዛሬው ኦፕቲመስ ፕራይም ያኔ ባትል ኮንቮይ ነበር ስሙ፤ በካርቱኑም ጃፓኖች ኮንቮይ ነው ያሉት። ተሳቢው ሲከፈት ለእነዚያ ትናንሽ ሾፌሮች ጣቢያ ይሆናል። ያለ ሾፌሮቹ ተሳቢው ሥራ የለውም ማለት ነው።

ያው ኩባንያ ማይክሮ ቼንጅ የሚል ሌላ ዓይነትም ነበረው። የዚህኛው ሐሳብ ፍጹም የተለየ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ መጠኑ ሳይቀየር ሮቦት ይሆናል፦ ካሴት ማጫወቻ፣ ትንንሽ ካሴቶች፣ ሽጉጥ። ሽጉጡ ዋልተር ፒ38 ነው። ልጅ እጅ ላይ ሲሆን ልክ ሽጉጥ ያክላል።

ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጣና ሁለቱንም ወስዶ በአንድ ስም፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ አደባለቃቸው። ሾፌሮቹን አስቀራቸው። ሮቦቶቹ ራሳቸው ሕይወት ያላቸው ይሁኑ ተባለ። የማርቭል ኮሚክስ ሰዎች ታሪክ እንዲፈጥሩ ተጠሩ፤ አብዛኛውን ስምና ጠባይ ያወጣላቸው ቦብ ቡዲያንስኪ የሚባል አርታኢ ነው። እንግዲህ ፍረድ። በአንድ በኩል 60 ጊዜ ያነሰ መኪና፣ በሌላ በኩል በልኩ ያለ ሽጉጥ ሰጥተውህ «እነዚህ ሁለቱ እኩል ቁመት ያላቸው ጠላቶች ናቸው፣ ታሪክ ጻፍ» ቢሉህ ምን ታደርጋለህ? ሽጉጡ ሲለወጥ እንዲያንስ ታደርጋለህ፤ አንድ ሕፃን እንዳይጠይቅ እየጸለይክ። የልጅህ ጥያቄ ለ40 ዓመት ያህል ሲፈራ የኖረ ጥያቄ ነው።

ተሳቢውም እንደዚያው። ልጁ ቤቱ ምንጣፍ ላይ ሲጫወት የፊተኛውን መኪና ሮቦት ያደርገዋል፤ ተሳቢውን እዚያው ጎኑ ያስቀምጠዋል። ካርቱኑ ውስጥ ግን ምንጣፍ የለም። ስለዚህ ከስክሪን ይወጣል።

ካርቱኑ የተጀመረው በመስከረም 1984 ነው፣ በፈረንጆቹ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የልጆች ፕሮግራም ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ገደብ ላላ አደረገው። ከዚያ በኋላ አሻንጉሊት የሚሸጡ ካርቱኖች ጎረፉ፤ ኮንግረስ ነገሩን መልሶ በሕግ ለመያዝ የሞከረው በ1990 ነው። ስለዚህ አንተ እንባህ የመጣበት ነገር በአመዛኙ የ22 ደቂቃ ማስታወቂያ ነው። አትቆጣ። አንተ ላይ እኮ አልሠራም! አንድ ሳንቲም አላወጣህም። ሽቦና ቆርኪ ነው ያሰበሰበህ።

ልጅህ የአውሮፕላኖቹ ቀለም ይቀያየራል ብላ ጽፋ ከሆነ ግን ትንሽ ትራራ። ስታርስክሪም፣ ስካይዋርፕና ተንደርክራከር ከአንድ ቅርፅ የወጡ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው። ሥዕሉን የሠሩት ጃፓን፣ ቶኤይ ውስጥ፣ በእጅ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ስስ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ይቀባል። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፤ 22 ደቂቃ ስታባዛው ከ31 ሺህ በላይ ይሆናል። አንዱን ሥዕል ሦስት ሦስት ጊዜ ቢደጋግሙት እንኳ ከ10 ሺህ ሥዕል አያንስም። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሦስት መንታ ጄት የሚቀባ ሰው ሐምራዊውን ለሰማያዊው ቢሰጠው እኔ አልፈርድበትም። አስተማሪዋ ደብተር ስታርም የምትሳሳተውን አስታውሳት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «እኛ ልጆች ሆነን እንዲህ አንጠይቅም ነበር» ብለሃል። ቀጥለህ ምን አልክ? ወንድምህ ተሳቢው ቃሊቲ እንደሚቆም ይነግራችሁ ነበር። ለምን ነገራችሁ? ማንም ሰው ሳይጠየቅ ከመሬት ተነስቶ «ተሳቢው ቃሊቲ ነው» አይልም። ጠይቃችሁ ነዋ! ምናልባት ራስህ ነህ የጠየቅከው። ልዩነቱ ያኔ መልስ የሚሰጥ ሰው ነበር። ልጅህ ስትጠይቅ ግን ቲቪው ጠፋ።

ሌላም ነገር አለ፤ እንዴት እንደምነግርህ ሳስብ ነበር። ኦፕቲመስ ፕራይም ልጁን «አባትህን አደራ» የሚልበትን ቦታ ፈለግኩት። ታሪኩ ሦስት ክፍል ስለሆነ ሦስቱንም አየሁ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። የለም። ኦፕቲመስ ፕራይም ለምስማር «ካንዴላን አደራ» አላለውም።

ታዲያ አንተ ከየት ሰማኸው? እንግሊዝኛ አታውቅም ነበር። የምትሰማው ከጎንህ ነው። ወንድምህ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር፣ 13? 14? የእሱም እንግሊዝኛ እስከዚህ እንዳልነበረ እገምታለሁ። ያልገባውን ቀደደው። ያ ሁሉ የምታስታውሰው ክብር፣ አደራው፣ ቃሊቲው፣ ከወንድምህ አፍ የወጣ ነው። ቁጭ ብለህ የሰማኸው ወንድምህን ነበር። ልጅህ ያየችው ደግሞ ያለ ወንድምህ የቀረውን ነው። እሱ ከሌለበት እኔም አስቆኛል።

የሚገርምህ፣ የኦፕቲመስ ፕራይም ድምፅ ራሱ የታላቅ ወንድም ነው። ድምፁን የሰጠው ፒተር ከለን ነው። ለፈተና ሊሄድ ሲል ቬትናም የተዋጋ ታላቅ ወንድሙን ላሪን እንዳሰበ፣ እርጋታውን ከእሱ እንደወሰደ ደጋግሞ ተናግሯል። ልጅህ በዚያ ድምፅ ላይ አንድ ስህተት ጽፋ ከሆነ አሳየኝ። አልጻፈችም ብዬ እወራረዳለሁ።

ንቀት ላልከው፣ እኔ ንቀት አላየሁበትም። ልጅ ሲንቅህ ስልኩ ላይ ያፈጣል፤ «እሺ አባዬ» እያለ ሌላ ነገር ያያል። 23 ስህተት ለመልቀም አንድን ነገር ዓይን ሳይነቅሉ ማየት ያስፈልጋል። እኔ በልጅነቴ የህንድ ፊልም ስናይ «ሃያ ሰው ደብድቦ ፀጉሩ እንዴት አልተበላሸም?» ብዬ ታላቅ እህቴ ክንዴን እስኪበልዝ ቆንጥጣኛለች። ያንን ፊልም አሁንም ከነዘፈኑ አውቀዋለሁ። ጀግናውንም አልናቅኩትም፤ ላገባው ነበር ሐሳቤ።

ስለዚህ አትቆጣ። ይልቅ ቲቪውን ስላጠፋህ ይቅርታ ጠይቃት። «ተናድጄ ነው፣ ልክ አልነበርኩም» በላት፤ ሌላ ማብራሪያ አትጨምር። የአማቶችህን ነገር ግን አልፈቅድላትም። አባትን እንግዳ ፊት ማሳቂያ ማድረግ ደግ አይደለም፤ ይህን ረጋ ብለህ ንገራት። ደብተሩን መጀመሪያ ለአንተ ታንብብ፣ ከዚያ ከፈለጋችሁ አንድ ላይ ታነቡታላችሁ። ባለቤትህ ግን መሳቅ ትችላለች፤ እሷን አልከለክልም።

ከዚያ ካርቱኑን መልሰህ ክፈተው፣ ድምፁን ግን አጥፋው። አንተ ተርጉም። ያኔ እንደሰማኸው፣ ያላስታወስከውን እየቀደድክ። እንግሊዝኛዋ ካንተ ሊበልጥ ይችላል፤ «እንዲህ አላለም!» ትልሃለች። «ሳይበርትሮንኛ ስለማታውቂ ነው» በላት። ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ትጮህብሃለች። ከዚያ እሷም ለስታርስክሪም ድምፅ ማውጣት ትጀምራለች።

አንድ ጥንቃቄ። በ1986 የወጣው ፊልም አለ። እሱን ከማሳየትህ በፊት ብቻህን እየው። ኩባንያው አዲስ አሻንጉሊት ለመሸጥ አሮጌዎቹን ማስወገድ ፈለገና ኦፕቲመስ ፕራይምን ገደለው፤ ገና ፊልሙ ሳይጋመስ። የአሜሪካ ልጆች ሲኒማ ቤት ውስጥ አለቀሱ፤ ተቃውሞው በዝቶ በሚቀጥለው ዓመት መልሰው አስነሱት። ልጅህ አሁን እየሳቀችበት ነው። ድምፁን ካጠፋህላት በኋላ ግን ዋስትና አልሰጥም።

ቅዳሜ ደግሞ ሽቦ ፈልግ። ቆርኪ ለማግኘት ሰፈር ያለው ግሮሰሪ በቂ ነው። ተሳቢውን በሰርዲን ቆርቆሮ ሥራው፤ ጠርዙ እንዳይቆርጣት በመዶሻ እጠፈው። ፊተኛውን ሮቦት ስታደርጉት ተሳቢውን የት እንደምታኖሩት ያኔ ተከራከሩ።

ከሁሉ በፊት ግን ዳላስ ደውል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እናንተ ራት ስትጨርሱ እዚያ እኩለ ቀን ገደማ ነው። መንዳት ላይ ከሆነ ዳር ይዞ ይቁም፤ በዚህ አልደራደርም። ስልኩን ለልጅህ ስጣት። አጎቷን ትጠይቀው፦ ያ ተሳቢ የት ነው የሚሄደው? አንተ እንዳትናገር፣ እንዳታግዘው። 30 ዓመት አልፎታል፤ አሁን ራሱ እውነተኛ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ሆኗል። አሁንም ቃሊቲ ይል እንደሆነ፣ ወይ መልሱን ቀይሮት እንደሆነ ጻፍልኝ። እኔም ባለቤቴም እየጠበቅን ነው።